ጀሪካኑ ሲተውን፦ ስለ መንገድ ላይ ትርኢት ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ ምላሾች

በመሃል አዲስ አበባ ምትሃትን፣ ቀልድንና እንደ ሰው የሚተውኑ የቤት ዕቃዎችን አጣምረው በመንገድ ላይ ስለሚያቀርቡ ወጣቶች የሚጠይቁ ደብዳቤዎች በርከት ብለው ስለደረሱን የዚህ እትም አምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ውሏል። ደብዳቤዎቹን ለቦታ ስንል አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ የምንኖር አራት ጓደኛሞች ነን። አንዳችን በካርታና በሳንቲም ምትሃት ያሳያል፤ አንዷ ቀልድ ታውቃለች፤ ሁለታችን ደግሞ ጃንጥላ፣ ጀሪካንና መጥረጊያ እያንቀሳቀስን እናስተውናለን። ሰዉ ምትሃቱን ቆሞ ያያል፣ በቀልዱም ይስቃል፤ ዕቃዎቹ ሲወጡ ግን ጥሎን ይሄዳል። ሦስቱን እንዴት አንድ ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ችግሩ ከችሎታ ማነስ የመጣ አይመስለኝም፤ በአንድ ከበባ ውስጥ ሦስት ትርኢቶችን ተራ በተራ ስለምታቀርቡ ነው። ተመልካቹም እንዳቀረባችሁለት ይቀበላችኋል፤ የሚወደው ሲያልቅ ታክሲውን ፍለጋ ይሄዳል። ከሁሉ አስቀድማችሁ ልትገነዘቡት የሚገባው፣ ምትሃትና የዕቃ ቴአትር በአንድ መሠረታዊ ጉዳይ ተቃራኒ መሆናቸውን ነው። የምትሃት ባለሙያ እጁ የሚሠራውን ይደብቃል፤ ተመልካቹም «እንዴት አደረገው?» እያለ በጥርጣሬ ይከታተለዋል። ዕቃ የሚያስተውን ሰው ግን እጁን በግልጽ ያሳያል፤ ጃንጥላው የሚንቀሳቀሰው በእርሱ እጅ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ እያወቀም ለጊዜው እጁን ላለማየት ይስማማል። እናንተ በካርታ ጨዋታ ተመልካቹን መጠርጠር አስተምራችሁት ስታበቁ ወዲያው ጀሪካን ታወጡበታላችሁ፤ እርሱም ክር ይፈልጋል፤ ክር እንደሌለውና የምታንቀሳቅሱት እናንተው መሆናችሁን ሲያይ «ይህማ ምን አለው?» ብሎ ፊቱን ያዞራል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። በመጀመሪያ ለረዥም ጊዜ እጃችሁን አሳዩ፤ ዕቃው በእጃችሁ ሕይወት እንደሚያገኝ ተመልካቹ እስኪለምደው ድረስ ምንም አትደብቁ። ከዚያ በኋላ፣ በአንዲት ቅጽበት ብቻ፣ የማንም እጅ ሳይነካው ዕቃው አንድ ነገር ያድርግ። ያቺ ቅጽበት ከብዙ የካርታ ጨዋታ ትበልጣለች፤ ምክንያቱም ሰዉን የሚያስደንቀው የእናንተ ብልጠት መሆኑ ቀርቶ የጀሪካኑ ድፍረት ይሆናል።

ጀሪካን የምለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ጀሪካን ባለቤቱን ወክሎ ወረፋ ሲይዝ የኖረ ዕቃ ነው፤ ባለቤቱ ወደ ጉዳዩ ሄዶ ጀሪካኑ ቦኖው ፊት ቆሞ ይጠብቀዋል፤ የጎረቤት ጀሪካን ቀድሞት ከተገኘ ደግሞ የሚጣሉት ሰዎቹ ናቸው። ዕቃ በሰው ፋንታ እንደሚቆም የአዲስ አበባን ሰው ማንም ሊያስተምረው አይችልም። እንግዲህ አምስት ቢጫ ጀሪካኖችን ደርድሩ። ቀልደኛዋ ጓደኛችሁ ጎኗ የጎደጎደ፣ ክዳኗ ጠፍቶ በፌስታል የተወተፈች ስድስተኛ ጀሪካን ይዛ ትምጣና ከሁሉም ኋላ አስቀምጣት ዞር ትበል። ወዲያው ከአስተዋናዮቹ አንዱ፣ ሁሉም እያየው፣ ያችን ጀሪካን ቀስ አድርጎ ያንሣትና አንድ ቦታ ወደፊት ያሳልፋት፤ ሌላው ደግሞ የቀሩትን ጀሪካኖች እጀታቸው ወደ እርሷ እንዲመለከት አንድ በአንድ ያዙራቸው። የጀሪካን ፊቱ እጀታው ያለበት ወገን ነው፤ ይህን ሞክራችሁ ስታዩ ትረዱኛላችሁ። ጓደኛችሁ ተመልሳ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ጀሪካኗን ተቆጥታ ወደ ኋላ ትመልሳለች፣ እንደገናም ዞር ትላለች። ነገሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ሁለቱ አስተዋናዮች እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ከወረፋው ርቀው ይቁሙ፤ በዚያን ጊዜ ጀሪካኗ ራሷ፣ ማንም ሳይነካት፣ ሥርር ብላ ወረፋውን ሁሉ አልፋ ፊት ትቁም። የምትጎትታት የናይለን ክር በምትሃተኛው እጅ ናት፤ እርሱም እስከዚያ ድረስ ከተመልካቹ መካከል ቆሞ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ይስቅ የነበረ ሰው ነው። ለክሩ ደማቅና ልሙጥ ግድግዳ ጠላት ነው፤ ዥንጉርጉር ነገር፣ ለምሳሌ የግንባታ ቆርቆሮ አጥር፣ ከበስተጀርባ ሲሆን በቀላሉ አይታይም።

ቀልዱን በተመለከተ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ ዕቃው ያሸንፍ፣ ሰው ይሸነፍ። ጓደኛችሁ ጀሪካኗ በራሷ ስትሄድ ማየት የለባትም፤ ከመቶ ሰው መካከል ያላየችው እርሷ ብቻ ስትሆን ሳቁ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ብሪታንያዊው ቶሚ ኩፐር እንዲህ ባለው መንገድ ታላቅ ስም አትርፏል፤ ካይሮ ባገኘው ቀይ ቆብ መድረክ ላይ እየወጣ ምትሃቱ ሁሉ የሚበላሽበት ሰው ሆኖ ይታይ ነበር፤ ነገር ግን ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ባለሙያ ባይሆን ኖሮ እንደዚያ አሳምሮ ማበላሸት አይችልም ነበር።

ጥያቄ፦ ለገሃር አካባቢ ቡና አፍልቼ የምተዳደር ነኝ። አንድ ወጣት ጀበናዬን አስፈቅዶኝ አነሣና ሰው ፊት አሮጊት አስመስሎ አራመዳት፤ መጨረሻ ላይ ረከቦቱ ላይ አስተኛትና ዝም አለች። ሸክላ መሆኗን እያወቅሁ፣ የገዛኋትም እኔው ሆኜ፣ ዕንባዬ መጣ። ምን ሆኜ ነው?

መልስ፦ ምንም አልሆኑም እህቴ፤ ጤነኛ ሰው የሚሆነውን ነው የሆኑት። እ.ኤ.አ. በ1944 ፍሪትዝ ሃይደርና ማሪያን ሲመል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ አጭር ፊልም ሠሩ፤ በፊልሙ ውስጥ የሚታዩት አንድ ትልቅ ሦስት ማዕዘን፣ አንድ ትንሽ ሦስት ማዕዘንና አንዲት ክብ ሲሆኑ፣ የሚያደርጉትም በሩ በሚከፈትና በሚዘጋ አራት ማዕዘን ዙሪያ መንቀሳቀስ ብቻ ነበር። ፊልሙን አይተው የሆነውን እንዲጽፉ ከተጠየቁት 34 ተማሪዎች መካከል የቅርጾች እንቅስቃሴ ብቻ አድርጋ የገለጸችው አንዲቷ ብቻ ነበረች፤ የቀሩት ስለ ጉልበተኛ፣ ስለ ጠብና ስለ ሽሽት ጻፉ። ሦስት ማዕዘን እንዲህ ካደረገ አንገት፣ ሆድና አፍ ያላት ጀበና፣ ያውም እጀታዋ እጇን ወገቧ ላይ እንዳደረገች ሴት የሚያስመስላት፣ ብታስለቅስ አይገርምም።

ይሁን እንጂ የወጣቱን ሙያም ልንነግርዎ ይገባል፤ ጀበና ይዞ መንቀጥቀጥ ብቻውን አሮጊት አያደርጋትምና። ደግመው ካገኙት ሦስት ነገሮችን ልብ ብለው ይመልከቱ። የመጀመሪያው ትንፋሽ ነው። ከማራመዱ በፊት ጀበናዋን የጣት ውፍረት ያህል ከፍ አድርጎ መልሶ ዝቅ ያደርጋታል፤ እርምጃ በጀመረች ቁጥርም ይህችን ትንፋሽ አያስቀርባትም። በአሻንጉሊት ሥራው ዓለም ያወቀው የደቡብ አፍሪካው ሃንድስፕሪንግ የተባለ ቡድን ከእንቅስቃሴ ሁሉ በፊት ለትንፋሽ ቦታ የሚሰጠው ስለዚህ ነው። ሁለተኛው ክብደት ነው፤ ባዶ ጀበና ቀላል ናት፤ አሮጊቷ ግን ከብዳ መቀመጥ አለባት፤ ስለሆነም እጁ ከሚያስፈልገው በላይ ዘግይቶ ያሳርፋታል። ሦስተኛውና ዋናው ዓይኑ ነው። ወጣቱ ሕዝቡን አላየም፤ ጀበናዋን ብቻ ነበር የሚያየው፤ ስለዚህ እርስዎም የእርሱን ዓይን ተከትለው ጀበናዋን አዩ። በጃፓኑ ባህላዊ የአሻንጉሊት ቴአትር፣ በቡንራኩ፣ አንድ አሻንጉሊት ሦስት ሰዎች በግልጽ ቆመው ያንቀሳቅሱታል፤ ዋናው የአሻንጉሊቱን ጭንቅላትና ቀኝ እጅ፣ ሁለተኛው ግራ እጁን፣ ሦስተኛው እግሮቹን፤ ተመልካቹ ግን ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሦስቱን ሰዎች ይረሳቸዋል። ቻርሊ ቻፕሊንም እ.ኤ.አ. በ1925 በወጣ ፊልሙ ሁለት ትንንሽ ዳቦ በሁለት ሹካ ወግቶ በገበታ ላይ ሲያስጨፍር ፊቱን ኮስተር አድርጎ «እግሮቹን» ይከታተላል፤ ያ የፊቱ ቁም ነገር ባይኖር ኖሮ ዳቦው ዳቦ ሆኖ ይቀር ነበር።

ያስለቀስዎትም እንቅልፏ ሳይሆን ትንፋሿ መቆሙ ነው። ሲተነፍስ የለመድነው ነገር ድንገት ሲያቆም ልባችን አንድ ነገር እንደጎደለው ያውቃል። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1980 «የዕቃ ቴአትር» የሚለውን ስያሜ ያወጡት፣ ካቲ ደቪልና «የማዕድ ቤት ቴአትር» የተባለው ቡድኗ፣ በተለይ የተሠራ አሻንጉሊት ትተው ተራውን የቤት ዕቃ የመረጡት ለዚህ ይመስለኛል፤ ዕቃው የራሱን ዕድሜና ትዝታ ይዞ ይመጣል። የእርስዎ ጀበናም ስንት ሰው ያጠጣች ናት።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ በስኒና በትንንሽ ኳስ ምትሃት አሳያለሁ። ልጆች ከኋላዬ እየገቡ «በግራ እጁ ይዞታል!» እያሉ ያጋልጡኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አስቀድመው ቦታ ይምረጡ። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ የእግረኛው መንገድ ሰፊ ሆኗል፤ መሃሉ ላይ ቢቆሙ ግን ሰው በአራቱም በኩል ይከብብዎታል። ጀርባዎን ለግድግዳ ወይም ለአጥር ሰጥተው፣ ከፊት ለፊትዎ በጠመኔ ግማሽ ክብ ይሥሩ፤ ሰዉ መሥመር ካየ ያከብራል። ልጆቹን ከፊት ሲያስቀምጡ ደግሞ ከታች ወደ ላይ እንደሚያዩ አይርሱ፤ አዋቂ የማያየውን የመዳፍ ውስጥ ነገር እነርሱ ያዩታል፤ ስለዚህ እጅዎ ከወገብዎ በላይ አይውጣ።

ዋናው ግን ዓይንዎ ነው። ጉስታቭ ኩን እና ማይክል ላንድ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ምትሃተኛው ኳስ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ይወረውርና በሦስተኛው የወረወረ ብቻ ይመስላል፤ ኳሱ በእጁ ነው። ዓይኑን ወደ ላይ ሲልክ ከተመልካቹ 68 በመቶው ያልተወረወረውን ኳስ ወደ ላይ ሲወጣ አየሁ አለ፤ የደበቀውን እጁን ሲመለከት ግን ቁጥሩ ወደ 32 በመቶ ወረደ። ብዙዎች የሚጋለጡት ጣታቸው ስለዘገየ ሳይሆን የደበቁትን ለማረጋገጥ በዓይናቸው ሰረቅ ስለሚያደርጉት ነው። እርስዎም ራስዎን በስልክ ቀርጸው ይመልከቱ።

ልጁ ግን አንድ ቀን እውነቱን ማጋለጡ አይቀርም። ሮማዊው ሴኔካ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ስለዚሁ የስኒና የጠጠር ጨዋታ ሲጽፍ የሚያስደስተው ማታለሉ ራሱ መሆኑን፣ እንዴት እንደሚሠራ ካወቀው ግን ጨዋታው እንደሚጠፋበት ተናግሯል። ለንጹሕ ምትሃት ይህ ልክ ነው። ስለዚህ ከስኒዎቹ አንዷን አስቀድመው ሕያው ያድርጓት፤ ልጁ «በግራ እጁ ነው!» ብሎ ሲጮኽ እርስዎ አይመልሱለት፤ ስኒዋ ቀስ ብላ ወደ ልጁ ትዙር፣ ትንሽ ትመልከተው፣ ከዚያም ወደ ግራ እጅዎ ትዙርና በጠርዟ ታንኳኳበት። እጅዎን ሲከፍቱ ኳሱ ቢኖርም ግድ የለም፤ ያጋለጠዎት የራስዎ ስኒ ነውና ሳቁ የእርስዎ ነው፤ ልጁም ከጠላትነት ወደ ተባባሪነት ይሸጋገራል።

ጥያቄ፦ ልጄ ይህን ነገር ልማር ይላል። ጎረቤት ግን «ድግምት ነው» ይላል። ልከልክለው?

መልስ፦ አይከልክሉት። ልጅዎ የሚማረው የጣት ቅልጥፍና፣ ሰዓት አክባሪነትና ሰው ፊት መቆም ነው። በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ የምናስታውሳቸው አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሳህሉ፣ ተዋናይ ከመሆናቸውም ሌላ ምትሃት ያሳዩ ነበር፤ የወደዳቸውም የሃይማኖተኛ አገር ሕዝብ ነው። የጎረቤትዎ ሥጋት ግን ከምንም የመጣ አይደለምና ልጅዎን ሁለት ነገር ያስጠንቅቁት፤ መስቀል፣ መቁጠሪያ፣ ሙስባሃ ወይም ክታብ በትርኢቱ ውስጥ እንዳያስገባ፤ የሰው ዕድል እናገራለሁ፣ የጠፋ ዕቃ አገኛለሁ እንዳይል። መጥረጊያ ሲያስጨፍር ጠንቋይ የሚለው የለም።

ጥያቄ፦ የቴአትር ተማሪ ነኝ። ይህ ዓይነቱ ሥራ ከውጭ የመጣ ነው፤ በእኛ አገር መሠረት የለውም የሚሉ አሉ። ምን ይላሉ?

መልስ፦ «የዕቃ ቴአትር» የሚለው ስያሜ የውጭ መሆኑን ከላይ ተናግረናል። የመንገድ ትርኢት ግን የእኛ ነው፤ ላሊበሎች ጎህ ሳይቀድ በየደጃፉ ሲያዜሙ፣ አዝማሪው ቆሞ የሚያየውን ሰው ወዲያው በግጥሙ ሲያስገባው፣ ልጆች ለቡሄ ዱላቸውን መሬት እየመቱ ሆያ ሆዬ ሲሉ መድረክ አልጠየቁም። ሀገር ፍቅርም በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ሥራውን የጀመረው በምኒልክ አደባባይ ሕዝብ ፊት እንጂ በአዳራሽ አይደለም። ሰው ያልሆነን ነገር አናግሮ ለሰው መንገርም ቢሆን የዘመናዊ ቴአትራችን የመጀመሪያ እርምጃ ነው፤ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም በ1910ዎቹ የጻፉትና ያሳዩት «ፋቡላ» ገጸ ባሕርያቱ አውሬዎች ነበሩ፤ አውሬዎቹ የተናገሩት ግን ቤተ መንግሥቱን ስላስቆጣ ታገደ። ጀሪካን ወረፋ ስትሰብር የሚስቀው ሰው ስለማን እንደሚስቅ ያውቃል፤ ተክለሐዋርያትም የሚያውቁት ይህን ነበር።

የጎደለን ነገር ካለ የአሻንጉሊትና የዕቃ ሥራ በትምህርት ቤትም ሆነ በቴአትር ቤቶች ዘንድ የልጆች ጨዋታ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍዎ ርዕስ ካላገኙ ከመርካቶ ቁራሌዎች ዕቃ ይጀምሩ፤ እያንዳንዱ ዕቃ ከማን ቤት እንደወጣ ቢያስቡ ብቻ ግማሽ ድርሰት አለው።

ጥያቄ፦ ደንብ አስከባሪዎች እንዳያስነሡን ምን እናድርግ? ገንዘብስ እንዴት እንሰብስብ? — የመስቀል አደባባይ ትርኢተኞች

መልስ፦ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን የሚጠይቀው ለሰላማዊ ሰልፍና ለፖለቲካ ስብሰባ ነው፤ ጃንጥላ ማስጨፈር ሁለቱንም አይደለም። ይሁን እንጂ ሰው የሚሰበሰብበት ነገር ሁሉ ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርምና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የትርኢቱን ፍሬ ነገር በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ወደ ወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ የድጋፍ ደብዳቤ ከተሰጣችሁ በግልባጭ ለአካባቢው ፖሊስ አድርሱና አንዱን ቅጂ ኪሳችሁ ያዙ። የእግረኛ መተላለፊያና የሱቅ በር አትዝጉ። መስቀል አደባባይ ለዓይን ግሩም ቢሆንም ሰፊና ነፋሻማ ስለሆነ ድምፅ ይበላል፣ ቀላል ዕቃም ይገለብጣል፤ ጀሪካኖቻችሁ ውስጥ ጥቂት አሸዋ ጨምሩ። በክረምት ከሰዓት በኋላ አትውጡ።

ከበባው ሲጠብቅ ኪስ አውላቂ መግባቱን ጠብቁ። ሂሮኒመስ ቦሽ እንደሣለው በሚነገር ከ500 ዓመት ገደማ በፊት በተሠራ ሥዕል ላይ አንድ ሰው አጎንብሶ የስኒ ምትሃት በተመስጦ ሲያይ ከኋላው የቆመው ሌላ ሰው ቦርሳውን ሲወስድበት ይታያል። በእናንተ ትርኢት አንድ ሰው ስልኩን ካጣ በማግሥቱ እናንተ ናችሁ ግብረ አበር የምትባሉት፤ ስለዚህ ጃንጥላው በመካከል ወደ ተመልካቹ ዞሮ ኪሱን እንዲዳብስ ያመልክተው።

ገንዘቡን ትርኢቱ ካበቃ በኋላ አትጠይቁ፤ ሰዉ ይበተናል። ከመጨረሻው ቅጽበት በፊት፣ ለምሳሌ ከላይ በተናገርነው የወረፋ ትርኢት ጀሪካኗ ገና ወረፋው መሃል ሳለች፣ ቀልደኛዋ «ውኃው እስኪመጣ» ብላ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ይዛ ትዙር፤ ሳንቲም የሌለው እንዳያፍር የቴሌብር ቁጥራችሁን በካርቶን ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ከጀሪካኑ ጎን ለጥፉ። የሰበሰባችሁትንም እዚያው ሰው ፊት አትቁጠሩ።